ፓውዛው መቼ ይጠፋል?

ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሌሊት የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር ሁለት ነገር ይፈራል። አንደኛው ከጨለማው ውስጥ ድንገት አስፋልት ላይ የሚወጣው ግመል ነው። ሁለተኛው ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና መብራት ነው። የመጀመሪያውን ፍርሃት ለማስታገስ ብዙ ሹፌሮች ከፊት ፓራውልቱ ወይም ከጋቢናው ጣሪያ ላይ ተጨማሪ ፓውዛ ያስገጥማሉ። ያስገጠሙት ፓውዛ በወጉ ካልተገጠመ ደግሞ ሁለተኛውን ፍርሃት ለሌላው ሹፌር ያሸክሙታል። የዛሬው ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው። ፓውዛ ማብራት ለማንም አይከብድም፤ የሙያው ልክ የሚታወቀው በሚጠፋበት ሰዓት ነው።

ፓውዛ የሚያስገጥመውን ሹፌር ጉራ ፈልጎ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ጋላፊ ያለው መንገድም ቀንም ሌሊትም ከባድ መኪና አይለየውም። የአፋር ቆላ በቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል። ጎማና ሞተር የሚያሳስበው ሰው ቀዝቀዝ ሲል መንዳት ቢመርጥ አይፈረድበትም። ችግሩ ሌሊት የሚገኘው ቅዝቃዜ ብቻ አለመሆኑ ነው።

ጨለማም አብሮት አለ፤ የጨለማው ስሌት ይህን ይመስላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ግማሽ ሰከንድ ብቻ አይበቃውም፤ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት 33 ሜትር ገና ፍሬን ሳይያዝ አልቋል። ፍሬኑ ደህና የሆነ የተጫነ መኪና ከዚያ ወዲያ ለመቆም 50 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በድምሩ ከ80 ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ደግሞ አጭሩ መብራት ቢያንስ 40 ሜትር፣ ረጅሙ ቢያንስ 100 ሜትር መንገድ እንዲያሳይ ይጠይቃል። እንግዲህ አጭሩን አብርቶ በ80 የሚነዳ ሹፌር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከሚያየው ርቀት እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰ እረኛ ከሩቅ ብልጭ ይላል። ጥቁር ብርድ ልብስ የተከናነበው ግን አጠገቡ እስኪደረስ አይታይም፤ አመድማ ቀለም ያለው አህያም እንዲሁ።

ስለዚህ ተጨማሪ መብራት መፈለግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ተጨማሪ መብራት ሁሉ አንድ አይደለም። በብዙ ጋራዦች ሁሉም በጅምላ ፓውዛ ይባላል እንጂ በሥራቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጠባብና ረጅም ጨረር የሚወረውር ሲሆን ረጅሙን መብራት የሚያግዝ ነው። ሁለተኛው የጭጋግ መብራት ነው። ጨረሩ አጭር፣ ሰፊና ከላይ እንደ ምንጣፍ ጠርዝ የተቆረጠ ነው። ጣርማበር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ረጅሙን ፓውዛ የሚያበራ ሹፌር ነጭ ግድግዳ ፊቱ ላይ ያቆማል፤ ብርሃኑ የውሃ ጠብታዎቹን መትቶ ወደ ራሱ ዓይን ይመለሳልና። የጭጋግ መብራት ዝቅ ብሎ የሚገጠመውም በጭጋጉ ሥር አስፋልቱን እንዲልስ ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ፓውዛ በዝናብና በኮረኮንች አቧራ ውስጥ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሹፌሩን ከዓይኑ አጠገብ የተነሳ ብርሃን ከአቧራው ላይ ተመልሶ ያገኘዋል።

ቢጫ መብራት ጭጋግ ይበሳል የሚለውም ነገር አንድ ቃል ይገባዋል። ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ የመኪና የፊት መብራት ሁሉ ቢጫ እንዲሆን በሕግ ታዝ ነበር። ይሁንና የጭጋግ ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ የገዘፈ በመሆኑ ነጩንም ቢጫውንም አንድ ዓይነት ይበትናል። ለዓይን ለስለስ ይል ይሆናል እንጂ ጭጋግ የሚያሸንፈው የጨረሩ ቅርጽና የተገጠመበት ከፍታ ነው።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ።

በየጋራዡ በብዛት የሚታየው አሠራር ቀላል ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ቀጭን ገመድ ይወጣል፤ በጋቢናው ቀዳዳ ሾልኮ ክሩስኮት ላይ ወደተበሳ ማብሪያ ይገባል፤ ከማብሪያው ተነስቶ መልሶ ወደ ፊት ይሄድና ፓውዛው ጋ ይደርሳል። መጋጠሚያዎቹ በእጅ ተጠማዝዘው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። ኔጌቲቩ የተያዘው ቀለም ባልተፋቀለት ብረት ላይ በአንድ ብሎን ነው። ማብሪያው ሲጫን ፓውዛው ይበራል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን የሚያየው ሌሊቱ ነው።

ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ ሁለት የሃሎጂን ፓውዛዎች ተገጠሙ እንበል። 200 ዋት ለ12 ሲካፈል ወደ 17 አምፔር ይጠጋል። የመዳብ ገመድ አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ተቃውሞው 0.0175 ኦም ያህል ነው። እንግዲህ አምስት ሜትር ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ላይ 17 አምፔር ሲያልፍ 1.5 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ከ12 ቮልት 1.5 ቢጎድል ምን ይመጣል ይባል ይሆናል። የሃሎጂን አምፖል ግን ቮልቴጅ ሲቀንስበት ብርሃኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወርዳል። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይጠፋል። በዚህ ገመድ የተገጠመ ፓውዛ ከብርሃኑ ከሦስት አንድ እጁን በላይ አጥቷል ማለት ነው። የጠፋው ኃይል የትም አልሄደም፤ 25 ዋት ያህሉ ገመዱን እያሞቀ ነው። ያው ገመድ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ የሚጎድለው ከግማሽ ቮልት በታች ነበር። ባለቤቱ ፓውዛው ደከመ ብሎ ባለ 130 ዋት አምፖል ሲገዛ የሚሆነው የባሰ ነው፤ አምፔሩ ይጨምራል፣ ገመዱ የበለጠ ይግላል፣ ፕላስተሩ ይቀልጣል።

ማብሪያውም ይጎዳል። የሃሎጂን ክር ቀዝቅዞ ሳለ ተቃውሞው በጣም አነስተኛ ስለሆነ በሚበራባት ቅጽበት የሚስበው አምፔር ከመደበኛው አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ለሬዲዮ የተሠራች ትንሽ ማብሪያ ይህን ደጋግማ ስትሸከም ውስጧ ይነድና ወይ አልበራም ትላለች፣ ወይ ተጣብቃ አልጠፋም ትላለች። አልጠፋም ማለቷ የበለጠ ያስፈራል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ኩብ ነው፤ ሪሌ ይባላል። ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ላየው ሰው ውስጡ ግልጽ ነው። እንደ ፀጉር በቀጠነ መዳብ የተጠመጠመ ጥቅልል አለ። ከጥቅልሉ ራስ ላይ በሞላ የተያዘች አንዲት ብረት ምላስ ትታያለች። ከምላሷ ጫፍና ከፊት ለፊቷ ደግሞ ሁለት የሚገናኙ ነጥቦች አሉ። በጥቅልሉ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔት ይሆናል፤ ምላሷን ቀጭ አድርጎ ይስባታል፤ ነጥቦቹ ይገጥማሉ፤ ብዙው አምፔር በእነሱ በኩል ያልፋል። ጥቅልሉ የሚፈልገው ከሩብ አምፔር በታች ነው። እሱን በማዘዝ 20 እና 30 አምፔር ይነዳል።

ሐሳቡ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራበት ነው፤ የቴሌግራፍ መልእክትም በረጅም ሽቦ ላይ እየደከመ ሲሄድ በዚሁ ዘዴ እየታደሰ ይተላለፍ ነበር። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ጥንት የመልእክተኛ ፈረስ ሲደክም መንገድ ላይ ባረፈ ፈረስ የሚለወጥበትን ልማድ ያስታውሳል። የመኪናው ሪሌም ሥራው ይኸው ነው። ከጋቢናው የሚመጣው ትእዛዝ ደካማ ነው፤ ሪሌው ትእዛዙን ተቀብሎ ጭነቱን ለባትሪው ያስረክባል። በዚህም ምክንያት ወፍራሙ ገመድ ወደ ጋቢና መግባት አያስፈልገውም፤ ከባትሪው ተነስቶ በአጭሩ ፓውዛው ጋ ይደርሳል።

ከሪሌው ሥር በየእግሩ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል። 30 የሚባለው ከባትሪው ይመጣል። 87 ወደ ፓውዛው ይሄዳል። 85 እና 86 የጥቅልሉ ሁለት ጫፎች ናቸው። ቁጥሮቹ የጀርመን ደረጃ ናቸው፤ ዛሬ ግን የቻይናውም የጃፓኑም ሪሌ ይጠቀምባቸዋል።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ፤ 86 ትእዛዙን ከየት ይቀበል? ብዙ ኤሌክትሪሻኖች በቀጥታ ከባትሪ ወይም ከቁልፍ ያመጡለታል። ፓውዛው ያን ጊዜ የራሱ ጌታ ይሆናል፤ ሹፌሩ በመሪው ዘንግ ረጅሙን ወደ አጭሩ ሲመልስ ፓውዛው እንደበራ ይቀራል። ለማጥፋት እጁን ከመሪ አንስቶ ክሩስኮት ላይ ማብሪያ መፈለግ አለበት። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ አባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው ቁልቁለትና ዳገት ላይ፣ ያን የሚያደርግ ሹፌር ጥቂት ነው። ትክክለኛው አሠራር ትእዛዙ ከረጅሙ መብራት ገመድ ተነስቶ፣ በክሩስኮቱ ትንሽ ማብሪያ አልፎ፣ ወደ ጥቅልሉ መግባቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ፓውዛው የሚበራው ረጅሙም ማብሪያውም አብረው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ዘንጉ ወደ አጭሩ በተመለሰባት ቅጽበት ፓውዛው ከረጅሙ ጋር አብሮ ይጠፋል። የሹፌሩ እጅ ከመሪ አይነሳም።

እዚህ ላይ ብዙ እጅ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በብዙ የጃፓን መኪኖች የፊት መብራት የሚቆጣጠረው በኔጌቲቩ በኩል ነው። ፖዘቲቩ አምፖሉ ጋ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ዘንጉ የሚከፍትና የሚዘጋው ወደ ሻንሲ የሚሄደውን ገመድ ነው። ይህን ሳያጣራ 85ን ከሻንሲ ጋር ያሰረ ሰው፣ ያገናኘው ከየትኛው ገመድ ጋር እንደሆነ ሳያውቅ፣ አጭሩ ላይ የሚበራ ወይም ከነጭራሹ የማይበራ ፓውዛ ያገኛል። መድኃኒቱ መለካት ነው። ቮልት መለኪያውን በየተራ በረጅሙ አምፖል በእያንዳንዱ ጫፍና በሻንሲ መካከል አድርጎ፣ ዘንጉን እየቀያየሩ የትኛው ገመድ እንደሚለወጥ ማየት ነው። የጥቅልሉን ሁለት ጫፎች እዚያው በሁለቱ ገመዶች መካከል ማሰር በሁለቱም ዓይነት መኪና ይሠራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የሰው ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ያን የለመደ ዓይን ኃይለኛ ብርሃን ሲመታው የለመደውን በቅጽበት ያጣል፤ መልሶ ማየት የሚጀምረው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው። በዕድሜ የገፋ ሹፌር ደግሞ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ሦስት ሰከንድ ብንል እንኳ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 66 ሜትር መንገድ በጭፍን ተነዳ ማለት ነው። በዚያ 66 ሜትር ውስጥ የመንገዱ ዳር አለ፣ እግረኛ አለ፣ ተበላሽቶ የቆመ ተሳቢም ሊኖር ይችላል። የሚታወረው ሹፌር ደግሞ የሚመጣው ያንኑ ፓውዛ ወዳበራው መኪና አቅጣጫ ነው። ሌላውን ያሳወረ ሹፌር ያሳወረው ሊጋጨው የሚችለውን ሰው ነው።

ወደ ገመዱ እንመለስ። ፊውዝን በተመለከተ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይሰማል፤ ፊውዝ አምፖሉን ይጠብቃል ይባላል። የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ስለዚህ ቦታው ከፓውዛው አጠገብ አይደለም፤ ገመዱ ከባትሪው በሚነሳበት፣ ከአንድ ክንድ ባልራቀ ቦታ ነው። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ገመድ ጠባቂ የለውም፤ እዚያ መካከል ሽፋኑ ተልጦ ሻንሲ ከነካ የሚያቆመው ነገር የለም፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈሳል። በ12 ቮልት ለ17 አምፔር ባለ 20ው ቢጫ ፊውዝ ይስማማል። በ24 ቮልት ያው 200 ዋት 8 አምፔር ብቻ ስለሚስብ ባለ 15ው ሰማያዊ ይበቃዋል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ የሚመልስ ረዳት ችግሩን አልፈታም። ፊውዙ ችግሩን ሊነግረው ሲል አፉን ዘግቶበታል፤ ቀጣዩ የሚቃጠለው ገመዱ ነው፣ ከገመዱ ቀጥሎ ጋቢናው።

የከባድ መኪና ሌላው ፈተና 24 ቮልቱ ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረዋል። ገበያ ላይ ባለ 12 ቮልት ፓውዛ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ፣ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መጥለፍ የተለመደ ዘዴ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል። ዲናሞው ግን የሚያየው የሁለቱን ድምር እንጂ የእያንዳንዳቸውን ሁኔታ አይደለም። የተጠለፈው ባትሪ ሁልጊዜ እንደጎደለ ይኖራል፤ ጓደኛው ደግሞ ከሚገባው በላይ ቮልት እየተጫነበት ውሃው ይፈላል። በመጨረሻም ሁለቱም ተያይዘው ይሞታሉ፤ ርካሹ ፓውዛ ሁለት ባትሪ አስገዛ ማለት ነው። ባለ 24 ቮልት ፓውዛ መግዛት፣ ካልተገኘም ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ማስገጠም ያዋጣል። ሪሌውም ባለ 24 መሆን አለበት፤ ባለ 12 ቮልት ጥቅልል በ24 ሲታዘዝ ይቃጠላል። አንድ ሪሌ በ12 ቮልት 40 አምፔር ይችላል ተብሎ ከተጻፈበት በ24 የሚችለው ግማሹን ያህል ሊሆን ይችላል፤ ቮልቱ ከፍ ሲል ነጥቦቹ ሲለያዩ የሚፈጠረው ብልጭታ ቶሎ አይጠፋምና።

ኤልኢዲ መጣና ይህ ሁሉ ቀረ የሚሉ አሉ። አምፔሩ መቀነሱ እውነት ነው። እያንዳንዱ 40 ዋት የሆነ ሁለት ኤልኢዲ በ24 ቮልት ከአራት አምፔር በታች ይበቃዋል፤ ገመዱ አይግልም፣ ማብሪያው አይነድም። ማሳወሩ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ብሷል። ብዙዎቹ ረጃጅም ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች ጨረራቸውን የሚሰበስብ በቂ መስታወት የላቸውም፤ ብርሃኑን ወደ ዛፉም ወደ ሰማዩም ወደ ሹፌሩም ይረጩታል። ከረጅሙ መብራት ትእዛዝ መቀበል ለእነዚህ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋቸዋል።

የመጨረሻው ሥራ ማስተካከል ነው፤ ሁልጊዜ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። ፓውዛ ባዶ መኪና ላይ ሲስተካከል ጨረሩ ቀጥ ብሎ ይታያል። ያው መኪና ሲጫን ኋላው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ ጨረሩም አብሮ ወደ ላይ ይቃናል፤ ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ልክ። ስለዚህ ማስተካከሉ የሚሠራው ጭነት ከተጫነ በኋላ፣ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ ፊት ቆሞ ነው። ብሎኑም ከጠበቀ በኋላ በየጊዜው መታየት አለበት፤ የኮረኮንች መንገድ ያልፈታው ብሎን የለም።

ዛሬ ማታ ወደ መኪናችሁ ስትመለሱ ረዳታችሁን ከፊት አቁሙት። ረጅሙን አብሩ፤ ፓውዛውንም አብሩ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳትነኩ የመሪውን ዘንግ ብቻ ወደ አጭሩ መልሱና ረዳቱን ጠይቁት። ፓውዛው አሁንም በርቷል ካላችሁ፣ ነገ ከመጫናችሁ በፊት መኪናውን ወደ ኤሌክትሪሻኑ መልሱት፤ ሥራውን ገና አልጨረሰውም።